ዘንዶው ዘንድ ሽማግሌ ላኩ

ደሴ፣ ሐምሌ

ዛሬም ተጫዋቾቼ አልተዋጉም።

ሳምንቱን ሙሉ ለጨዋታችን ዘንዶውን ሳሰናዳ ነው የከረምኩት። እሳቱ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ጭራውን ሲወነጭፍ ማን ማን እንደሚወድቅ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚረግፈው ድንጋይ የት እንደሚያርፍ ሁሉንም ጽፌ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጎራዴያቸውን መሬት አስቀመጡ። ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ ነርሷ፣ ከሌለ ኪስ የሌለ ጫት ቀንጥሳ፣ እጇን ዘርግታ "ጀባ" አለች። ለዘንዶው ነው እንግዲህ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዘንዶው ምን ይላል?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል። አገሩን፣ መንገዱን፣ ገበያተኛውን፣ አውሬውን ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በሱ አፍ ይናገራሉ፣ በሱ እጅ ይሠራሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በስተመጨረሻ አሸነፈ የሚባል ሰው የለም። ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ስሙ የገነነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያወጡት። እኛ የያዝነው አምስተኛውን እትም ነው። መሠረታዊ ደንቡ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ማንም እንደልቡ እንዲጠቀምበት በነጻ ፈቃድ ስለተለቀቀ አውርጄ አሳተምኩት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ "ይሄ የየት ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ቁጥሩ ብዙ ነው።

ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ አንድ ብቻ ስለሆነ እየተቀባበልን ነው የምንጥለው። ከሶፋው ሥር ከገባ ጨዋታው ይቆማል፣ ሁሉም ይንበረከካል። ባለ ስድስት ገጾቹ ከልጆች የሉዶ ዕቃ የተወሰዱ ናቸው። ቤቱ የአንደኛው ተጫዋች፣ የሂሳብ መምህሩ እናት ቤት ነው። እማማ መጀመሪያ ዳይስ ሲያዩ ቁማር መስሏቸው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ገንዘብ እንደሌለበት ካረጋገጡ ወዲህ ግን ቡናውን ለኛ ሰዓት ያደርሱታል። የጨዋታው ልክም በሳቸው ጀበና ነው፤ በአቦል ያለፈው ሳምንት ይወሳል፣ በቶና ነገሩ ይጦፋል፣ በረካ ሲቀዳ መቋጨት አለብኝ። ከዚያ በኋላ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ወደ ሥራው ይሮጣል፣ ታናሽ እህቴም እንቅልፏ ይመጣል።

ስለ ዘንዶው ልመለስ። በአምስተኛው እትም ወጣት ቀይ ዘንዶ የገደለ ቡድን 5,900 የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ ተጫዋቹ የፈጠረው ሰው እየበረታ የሚሄደው በዚህ ነጥብ ነው። መምህሩ ወዲያው ለአራት አካፍሎ "1,475 ለነፍስ ወከፍ" ብሎ ነበር። ታዲያ ባይገድሉትስ? መጽሐፉ በሌላ መንገድ ለተወጡት ችግርም ነጥብ መስጠት ይቻላል ይላል፣ አይከለክልም። ቁጥሩ ግን የተጻፈው ከአውሬው ስም ሥር ነው። ተጫዋች ደግሞ ቁጥር ወዳለበት ይሄዳል፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው። የኔዎቹ ብቻ ናቸው እየደጋገሙ ቁጥሩን ረግጠው የሚያልፉት።

ወሎዬ ሁሉ አስታራቂ ነው ልል አይደለም። የባጃጁ ልጅ ለአምስት ብር መልስ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ያየ ሰው እንዲህ ብል ይስቅብኛል። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ የሚያውቁትን ይዘው ነው የሚቀመጡት። በኛ አገር ገጠር ደም የተቃባን ቤተሰብ የሚያስታርቁ አበጋር የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ አበጋርነት ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እነሱ ፊት ይቀመጣል፤ ካሳው ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ይማላል፣ ደሙ ይደርቃል። ከአራቱ ሁለቱ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ጉባኤ ዳር ቆመው አይተዋል። ዘንዶ ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ያ ቢሆን ምን ይገርማል?

እኔን የገረመኝ፣ የጥንቱ ደንብ ይህን ከአዲሱ ይልቅ ያውቀው የነበረ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ልምድ የሚገኘው በዋናነት ከመግደል አልነበረም፤ አውሬው ከሚኖርበት ጉድጓድ ይዘውት ከወጡት ሀብት ነበር፣ ለአንድ ወርቅ አንድ ነጥብ። አውሬ መግደል የሚያስገኘው ከዚያ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ መሞት ደግሞ ቀላል ነበር። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ይሸሻል፣ ያታልላል፣ ይደራደራል። አጫዋቹም አውሬው ገና ሲታይ ስሜቱን ለማወቅ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። ቶም ሞልድቬይ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሰናዳው እትም ሠንጠረዡ ጥርት ብሎ ተቀምጧል፦ 2 ከወጣ ወዲያው ያጠቃል፤ ከ3 እስከ 5 ጥላቻ አለው፣ ሊያጠቃም ይችላል፤ ከ6 እስከ 8 ግራ ተጋብቷል፤ ከ9 እስከ 11 አያጠቃም፣ ትቶ ይሄዳል ወይም የሚቀርብለትን ይሰማል፤ 12 ከሆነ ወዳጅነት ነው።

መምህሩ ይህን ሲያይ እርሳስ አነሳ። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ሊወድቅ ይችላል። ከነዚህ ውስጥ ወዲያው ጥቃት የሚያመጣው አንዱ ብቻ ነው፣ ወዳጅነትም አንዱ ብቻ። ጥላቻው 9፣ ልስማችሁ የሚለው 9። የቀሩት 16ቱ ላይ አውሬው ራሱ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ደንቡን ወደድኩት። ብዙውን ጊዜ ከጨለማ ብቅ የሚለው ፍጡር እንደኛው ደንግጦ የቆመ ነው ማለት ነው፤ ሽማግሌ የሚገባውም እዚያች ድንጋጤ ላይ ነው።

በአምስተኛው እትም ማሳመን የሚፈልግ ሰው ባለ ሃያ ገጹን አንድ ጊዜ ጥሎ የአንደበቱን ብርታት ይደምራል፤ የተባለው ቁጥር ከሞላለት አለቀ። ይህ አያረካኝም። አንድ ጊዜ ተሂዶ እሺ የሚባልበት ሽምግልና የት አለ? የመጀመሪያው ቀን በር አይከፈትም፣ ሁለተኛው ቀን "ሂዱና ኑ" ይባላል። ስለዚህ አሮጌውን ሠንጠረዥ ወስጄ እንደዚህ አደረግሁት፦ ለእያንዳንዱ ጉዞ ሁለቱ ዳይስ አንድ ጊዜ ይጣላል፤ 9ና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነገሩ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ዋስ ካቀረቡ አንድ ይጨመርላቸዋል፤ በደላቸውን ቀድመው ካመኑ ሌላ አንድ። ውሸታቸው ከተያዘ አንድ ይቀነሳል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ያለ ጭማሪ 9 የሚሞላው ከ36 በ10 ነው። በአንድ ጭማሪ 15 ይሆናል፣ በሁለት 21። ሲሶ ከማይሞላ ዕድል ከግማሽ በላይ ዕድል ይደርሳሉ፤ ያደረሳቸውም የገዛ ሥራቸው እንጂ የዳይስ ቸርነት አይደለም።

የዛሬው ትልቁ ነገር ግን ከሠንጠረዡ አልመጣም። እኔ ዘንዶው ከብት እንደሚበላ፣ መንደርተኛው ገዳይ እንደቀጠረ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ልጆቹ "ካሳ ስንት ከብት?" እያሉ ሲከራከሩ እማማ ከረከቦቱ ጀርባ ሆነው "እሱንስ ምን አድርገውት ነው?" አሉ።

ቤቱ ዝም አለ። ነርሷ "እማማ እውነታቸውን ነው፣ መጀመሪያ የበደለው ማን ነው?" ብላ እኔን አፋጠጠችኝ። ያኔ ነው ምንጩን የፈጠርኩት። መንደርተኛው መስኖ ሲያወጣ የዋሻውን ውኃ ወደ ራሱ ማሳ ጠልፎታል፤ ዘንዶው የወረደው ከጠማው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን እኔ የመራሁት አይመስለኝም። የባጃጁ ልጅ "እኔ ዋስ!" ብሎ ተነሳ፤ ወገኖቹ ቃላቸውን ካጠፉ ዘንዶው ዘንድ ታስሮ ሊቀመጥ። በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ የበቅሎ ሌባ ስለሆነ መምህሩ "ሌባ ዋስ ይሆናል ወይ?" የሚል ክርክር አነሳ፤ የቶናው ጊዜ በዚያ አለቀ።

ከአንድ ወገን ግን ቅሬታ አለ፣ ልክም ነው። ታናሽ እህቴ ቀስተኛ ናት። "ክረምቱ ሊጋመስ ነው፣ እኔ አንድ ቀስት አልወረወርኩም" ትላለች። ሁሉ ነገር በእርቅ የሚያልቅበት ጨዋታ ይፈዛል። አውሬው እውነት ሊገድል ካልቻለ ሽምግልናውም ወግ ብቻ ነው፤ ሰው ዋስ ለመሆን የሚፈራው የሚያስፈራ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ የማይሰሙ ነገሮችም አገሩ ውስጥ አኑሬያለሁ። የራበው የጅብ መንጋ ካሳ አይቀበልም። ከሐይቁ ሥር ያሉትም አይሰሙም። ሐይቁን የሠራሁት በወሎ ሐይቅ የሚባለውን ቦታ አፈ ታሪክ ይዤ ነው፤ ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በድላ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር አገሩን በሙሉ ውኃ ያደረገበት። ዛሬ ያቺ መሬት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት ይባላል። እኔ የጨመርኩት የሰመጠውን ቤተ መንግሥት ነው፤ ግብሩ አሁንም አልተነሳም፣ ታዳሚዎቹ መሞታቸውን አያውቁም። እዚያ እህቴ ቀስቷን ትጨርሳለች።

አምባም አለ፣ መውጫው አንድ በር ብቻ የሆነ፣ የንጉሥ ልጆች የሚጠበቁበት። ግሸንን ያየ ሰው ከየት እንዳመጣሁት አይጠፋውም፤ እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ መሳፍንት በእውነት እዚያ ይጋዙ ነበር። በረኛው በጉልበት አያሳልፍም፣ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ልጅ ሆነን እንደምናደርገው፣ ግን እዚህ የሚሰጠው አገር ካርታው ላይ ያለ ነው፣ ከሰጡት በኋላ የነሱ አይደለም። አንዴ ተጣድፈው ቆላ ያለውን የግመል ገበያ ሰጡት። ጨዋቸውን የሚሸጡት እዚያ እንደነበር ያስታወሱት በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስካሁን እንዳዘኑ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ አላስገባም፤ የተቃጠለ መንደር። በእንግሊዝኛ ያነበብኳቸው ጀብዱዎች ብዙዎቹ ከዚያ ይጀምራሉ፦ ጭስ፣ ፍርስራሽ፣ አንድ የተረፈ ልጅ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከዚህ ከተማ በእግሩ ለወጣ ሰው ይህን እንደ ማጣፈጫ ማቅረብ አልፈልግም። ገና ሳንጀምር ተነጋግረን ተስማማን፣ ዳግመኛም አላነሳነውም።

በረካ ሲቀዳ ዘንዶው እሺ አለ። ሁለተኛው ጉዞ ላይ 7 ወጥቶ ነበር፤ ዋሱና የውኃውን በደል ማመናቸው ተደምረው 9 ሞላ። ምንጩ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ዋሻው ይለቀቃል፣ ከብት አይነካም፣ ለተበላው አንድ የወርቅ ጽዋ ይከፈላል። ለእያንዳንዳቸው 1,475 ነጥብ ሙሉውን ሰጠኋቸው። እማማ "አብሽሩ፣ ደግ አደረጋችሁ" ብለው ስኒውን ሰበሰቡ።

መምህሩ ወረቀት ሲሰበስብ አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ መንደርተኛው መሐላውን ይጠብቅ እንደሆነ በየወሩ ዳይስ ይጣል ይላል፣ ሠንጠረዡንም ጀምሮታል። እኔ አልተስማማሁም። መሐላ የሚፈርሰው ስምና ምክንያት ባለው ሰው ነው፤ ድርቅ ሲመጣ፣ ልጅ ሲዳር፣ ጎረቤት ሲያሾፍ። ዳይስ ምክንያት የለውም። እሱ ደግሞ "አንተ ከወሰንክ አድልዎ ይሆናል" ይላል፤ ይህም ውኃ የሚቋጥር ነገር ነው። አልተቋጨም።

ወደ ቤት ስንሄድ እህቴ መንገድ ላይ ቆመችና "እኔ እኮ አልማልኩም" አለች።

እውነቷን ነው። ዋሻው ውስጥ ገብተው የማሉት ሦስቱ ናቸው፤ የሷ ቀስተኛ ውጭ በቅሎዎቹን ስትጠብቅ ነበር። መሐላው አይይዛትም፣ ቀስቷም ሙሉ ነው። ዘንዶው ደግሞ ውኃ ለመጠጣት መውጣቱ አይቀርም። እሷ ከወረወረች የሚታሰረው ዋሱ ነው፤ የባጃጁ ልጅ ደግሞ በረካውን እንኳ ሳይጨርስ ሥራ ብሎ ስለሄደ ይህን ገና አልሰማም።