ልብ አንጠልጣይ ብዬ ልብ አውልቅ ገዛሁ

ደራሲውን በጣም ነው የምወደው። ስሙን የማልጠራውም ለዚሁ ነው፤ የቀድሞ ሥራዎቹ እንቅልፍ የነሱኝን ሌሊቶች ረስቼ ውለታ ቢስ መሆን አልፈልግም። አዲሱ መጽሐፍ ወጣ ሲባል ለገሐር አካባቢ ከአንድ አዟሪ ገዛሁና እዚያው ታክሲ ውስጥ ጀመርኩት።

አጀማመሩ ግሩም ነው። ሬሳ አለ፣ የጠፋ ሰነድ አለ፣ ጡረታ የወጣ መርማሪ አለ። ከዚያ ተስፋዬ፣ ተስፋሁንና ተስፉ የሚባሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። አንዱን ሁሉም «ተስፍሽ» ይሉታል። የቱን? ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ «ገባ። መብራቱን አጠፋ። ጠበቀ።» ብሎ ይነሳል። ማን ነው የገባው? ስም የለ፣ ዓመተ ምሕረት የለ። ገጾች ከገለበጥኩ በኋላ ነው ሰውየው ሟቹ መሆኑ፣ ጊዜውም ድሮ መሆኑ የገባኝ።

ልተወው አልኩ፤ ግን እልህ ያዘኝ። አንድ ወረቀት አጥፌ መጽሐፉ ውስጥ ከተትኩ። በግራ የሰዎቹን ስም፣ በቀኝ መጨረሻ የታዩበትን ገጽ ጻፍኩ። ከየስሙ ሥር ደግሞ «ይሄ ሰው እስካሁን ምን ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አኖርኩ። የጠቀመኝ እሱ ነው። መርማሪው የማያውቀውን አደጋ አንባቢ ሲያውቅ ልቡ ይንጠለጠላል። መርማሪው ያወቀውን ከአንባቢ ሲደብቁት ግን ይናደዳል። ወረቀቴ ላይ እንደወጣው መርማሪያችን ቁልፉን መረጃ ገና መጽሐፉ አጋማሽ ላይ ይዞታል። ደራሲው እኛን ለማስደንገጥ ሲል አፉን አስይዞታል። ገዳዩ ደግሞ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል።

ቅሬታው የኔ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ልቦለድ 10 ደንቦች ጽፎ ነበር። ወንጀለኛው ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መነሳት አለበት፣ መርማሪውም ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢ ማሳየት አለበት ይላል።

ውስብስብ መጽሐፍ ሁሉ ይጠላል ማለቴ ግን አይደለም። በሬይመንድ ቻንድለር «ዘ ቢግ ስሊፕ» (እ.ኤ.አ. 1939) ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ከነመኪናው ባሕር ውስጥ ሞቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣውን ፊልም የሠሩት ሰዎች ማን እንደገደለው ግራ ገብቷቸው ደራሲውን ቢጠይቁት፣ እሱም አላውቅም አላቸው! ይሁንና መጽሐፉ እስከዛሬ ይነበባል። ታሪኩን የሚነግረን ያው አንድ መርማሪው ማርሎው ነው፤ እሱ የገባበት እንገባለን፣ እሱ ሲደናገር አብረን እንደናገራለን። እኔ የያዝኩት መጽሐፍ ውስጥ ግን የምከተለው ሰው አጣሁ።

አሁን መጽሐፍ ስገዛ አዟሪው ፊት ቆሜ መሃል ላይ አንድ ምዕራፍ እከፍታለሁ። ማን የት እንዳለ በአንድ ገጽ ካልለየሁ እመልሳለሁ። አዟሪው ፊቱን ያጠቁራል፣ ምን ላድርግ! የስም ወረቀቷንም አልተውኳትም። ሸጋ መጽሐፍ ሲገጥመኝ ትንሽ እንደሄድኩ መጻፉን እረሳዋለሁ፤ ወረቀቷ ዕልባት ሆና ትቀራለች።

የሰውየውን ቀጣይ ሥራ እገዛ እንደሆነ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። እገዛለሁ እንጂ! ግን በመጀመሪያ ከነሱ አንዱ ያንብበው።