መብራት በቀጠሮ ሲጠፋ

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ነገ ኃይለኛ ነፋስ ስላለ መብራት ይቋረጣል ይላል። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። «መብራት ሲጠፋ ለማየት ነው አሜሪካ ድረስ የመጣሁት?»

ነገሩ ግን አያስቅም። ነፋሱ ሽቦ በጥሶ ደረቅ ሣር ላይ ከጣለ እሳት ይነሳል፤ መብራቱን ቀድመው የሚያጠፉት ለዚህ ነው። በ2018 እዚሁ ካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ አውድሞ 85 ሰው የገደለው እሳት የተነሳው ከኤሌክትሪክ መስመር ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ የእማዬ ኢንሱሊን ነው። የተከፈተው ከፍሪጅ ውጭም ይቆያል፤ ያልተከፈተው ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በማስጠንቀቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ደውዬ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ዘጋሁት።

ጎረቤቴ «211 ደውል» አለኝ። 911 ለአደጋ ነው፤ ይኼኛው እንዲህ ላለው ችግር ነው፣ ደግሞ ነፃ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅኩ፣ አገናኙኝ። እማዬ ስልኩን ነጥቃ ጤናቸውን፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ጠየቀች!

ዛሬ የጠቆሙን ማዕከል ዋልን። ስልክ ቻርጅ አደረግን፣ ውኃና በረዶ ሰጡን። ኢንሱሊኑ በፎጣ ተጠቅልሎ በረዶው አጠገብ ተቀመጠ፤ በረዶው እንዳይነካው እማዬ በየደቂቃው ፎጣውን ገልጣ ታያለች። በሕክምና መሣሪያ የሚኖር ቤተሰብ ያላችሁ፣ ቀድማችሁ መብራት ድርጅታችሁ ጋ ተመዝገቡ። ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሳችኋል። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።

አሁን ነፋሱ ቆሟል፣ መብራቱ ግን የለም። መስመሩን ሳይፈትሹ አይለቁትም። እማዬ በሻማ ብርሃን ዶሮ ወጥ እያሞቀች ነው፤ «ሳይበላሽ እንጨርሰው» ብላ።