ካኖፒ ያለው ፒክአፕ ከውስጥ ለምን ይረጥባል?

መኪናዬ ባለሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ኋላዋ ላይ የፋይበርግላስ ካኖፒ፣ ማለትም የጭነት ቦታውን የሚሸፍን ጣራ፣ ተገጥሞላታል። ሥራዋ ከመርካቶ ደብተርና መጽሐፍ ጭና ኮምቦልቻ ማድረስ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ገበያ የሚደራው ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። ወላጅ ልጁን የሚያስመዘግበው ያኔ ነው። ዝናቡም የሚወርደው ያኔ ነው።

ደብተር ምሕረት የለውም። ጠርዙን አንዴ ውሃ ከነካው ያብጣል። ሲደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ የሽፋኑ ቀለም ከጎኑ ካለው ጋር ይጣበቃል። ደንበኛ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያይና ይመልሰዋል። ስለዚህ ካሶኒውን፣ ማለትም የጭነት ቦታውን፣ ደረቅ ማድረግ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ካኖፒ ከተገጠመ ዕቃ አይረጥብም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ካሶኒ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት ሆኖ እንዲያገለግል ነው የተሠራው። የተጨነቁት የገባው ውሃ ቶሎ እንዲወጣ እንጂ ጭራሽ እንዳይገባ አይደለም። የኋላ ስፖንዳው፣ ወደ ታች የሚከፈተው መዝጊያ፣ በግራና በቀኝ ክፍተት አለው። ከታች ማጠፊያው ጋ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ቦታ አለ። ወለሉ ላይም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ካኖፒ ሲጫንበት እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ያወራልኝ ሰው አልነበረም። ካኖፒ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ከውጭ የገባ አይደለም። ከፊሉ ከዕቃውና ከአየሩ ነው የሚመጣው። ከውጭ የሚገባውን በደንብ በደፈናችሁ ቁጥር ከውስጥ ያለው መውጫ ያጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ካላሰባችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ከመድፈን በፊት መፈለግ ይቀድማል። ብዙ ሰው ሲልከን ይገዛና ቀዳዳ የመሰለውን ሁሉ ይቀባል። እኔ የጀመርኩት በአቧራ ነው። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ካሶኒውን ባዶ አድርጌ አጠብኩት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ሁሉንም ዘጋግቼ ጠጠር መንገድ ላይ ነዳሁት። ተመልሼ ስከፍተው የሚያስፈልገኝን ሁሉ አገኘሁ። በስፖንዳው ሁለት የታች ማዕዘኖች ቀይ አቧራ ወደ ውስጥ ተበትኖ ተኝቷል። በጋቢናው በኩል ግራ ጥግ ላይ ደግሞ ቀጭን የአቧራ መስመር ወርዷል። የቀረው ወለል ንጹሕ ነው። አቧራ የገባበት ቦታ ውሃም ይገባበታል።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። መኪና ሲሄድ ካኖፒው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከስፖንዳው ውጭ ካለው ዝቅ ይላል። የኋላ ጎማ የሚረጨው ውሃና ጭቃ በስፖንዳው ክፍተት ወደ ውስጥ ይሳባል። ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ የወረደበት መኪና ደረቅ ሆኖ አድሮ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ጥቂት የተነዳው ረጥቦ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከአቧራው ቀጥሎ የውሃ ጎማ ነው። የእህቴን ልጅ ባትሪ አስይዤ ካኖፒው ውስጥ አስገባሁትና ከውጭ ውሃ ለቀቅሁ። እዚህ ላይ ዘዴው ከታች መጀመር ነው። ከላይ ከተጀመረ ውሃው እየወረደ ሁሉንም ያረጥብና የት እንደገባ አይታወቅም። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት። ወደ ጋቢናው ጥግ ስደርስ ልጁ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ገብቼ አየሁት። የሚንጠባጠበው ጥግ ላይ ነው። የሚገባው ግን ከዚያ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ካኖፒውን ከካሶኒው ጋር የሚያስረው ቡሎን አጠገብ ነው። ከካኖፒው ሥር ያለው ስፖንጅ እዚያ ጋ ተደፍጥጦ አልቋል። ውሃው በጠርዙ ሥር ተጉዞ ጥጉን ሲያገኝ ይወርዳል። የሚንጠባጠብበትን ቦታ ብቻ ብደፍን ኖሮ ሌላ ቦታ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ ካኖፒውን ፈትተን አነሳነው። የበፊቱ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ አሁንም እርጥብ ነበር። በገበያ ላይ ያለው ስፖንጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ፍራሹ ውሃ የሚጠጣ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሌላው የአየር ኪሶቹ የተዘጉ፣ ጠንከር ያለ ጥቁር ጎማ መሰል ነው። ባለሱቁ ሁለቱንም አንድ ነው ሊላችሁ ይችላል። ትንሽ ቁራጭ ጠይቁ። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። ውሃ ከተፋ መልሱለት። ሁለተኛውን ዓይነት ከገጠምን በኋላ ቡሎኖቹን በልኩ ብቻ አጠበቅን። ከልክ በላይ ከጠበቀ ስፖንጁ ቡሎን ባለበት ይደፈጠጣል፣ በመካከል ደግሞ ይነሳል። የቀድሞውም የሞተው በዚህ ነው።

የኋላ ስፖንዳው የበለጠ ሥራ ፈጀ። ጎሚኒ፣ ማለትም የበር ማሸጊያ ጎማ፣ ከመግዛቴ በፊት አንድ የቆዩ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ጋ ወሰድኩት። ዙሪያውን አይተው «ልጄ፣ ጎሚኒ ጠማማ በር አያቃናም» አሉኝና መጀመሪያ የመቆለፊያውን መያዣ አስተካከሉልኝ። ልክ ነበሩ። ስፖንዳው በአንድ በኩል ወደ ውጭ ይል ነበር።

ከዚያ ክፍተቱን መለካት መጣ። ሊጥ በቀጭን ፌስታል ጠቅልዬ በየቦታው አስቀመጥኩና ስፖንዳውን ዘጋሁት። ስከፍተው የሊጡ ውፍረት የክፍተቱ ልክ ነው። ላይ 8 ሚሊሜትር ገደማ፣ ታች ማዕዘኑ ጋ 13። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጎሚኒ ዙሪያውን መለጠፍ አያዋጣም። ሶማሌ ተራ መካከሉ ክፍት የሆነ የበር ጎሚኒ በሜትር ይሸጣል። ከክፍተቱ ትንሽ ወፈር የሚለውን መምረጥ ነው። ሲዘጋ መጨመቅ አለበት፤ ግን ስፖንዳውን በትከሻ የሚያስገፋ መሆን የለበትም። ለላይና ለታች ሁለት ዓይነት ገዛሁ።

ከመለጠፉ በፊት ላሜራው በአልኮል መጠረግ አለበት። ሰምና ዘይት ካለ ማጣበቂያው በሁለት ዝናብ ይለቃል። ከተለጠፈ በኋላ ጎሚኒው ላይ ጠመኔ ቀባሁና ዘግቼ ከፈትኩ። ጠመኔው ስፖንዳው ላይ የታተመበት ቦታ ገጥሟል ማለት ነው። ቀኝ የታች ማዕዘን ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ምንም አልታተመም ነበር። እዚያ ከሥሩ ቀጭን ጎማ ደረብኩበት። በመጨረሻ የወረቀት ፈተና አለ። ቁራጭ ወረቀት አጋብቶ መዝጋትና መሳብ። እየያዘ ከመጣ ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ጎሚኒው አልተጨመቀም።

ስለ ሲልከን አንድ ነገር ልበል። ሲቀባ እንደ አቼቶ የሚሸተው ሲልከን ባዶ ላሜራ ላይ አይቀባም። እስኪደርቅ ድረስ አሲድ ስለሚያወጣ ዝገት ያስነሳል። የማይሸት ዓይነት አለ፤ ለመኪና አካል የሚሠራ ማጣበቂያም አለ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ካሶኒ ከተበላ በኋላ የሚከፈለው ይበልጣል። አዲስ ቀዳዳ ከበሳችሁም ጠርዙን ጸረ ዝገት ቀለም ሳትቀቡ ቡሎን አታስገቡ።

የወለሉን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አልደፈንኩም። ድፈናቸው ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የሆነ ቀን ውሃ መግባቱ አይቀርም፣ ያኔ መውጫ ያስፈልጋል። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ትናንሽ ምላሶች ቆርጬ ከወለሉ በታች በአንድ ጎናቸው ብቻ አሰርኳቸው። ከውስጥ የሚወርደውን ውሃ ያሳልፋሉ፣ ጎማው ከታች ሲረጭ ደግሞ ወደ ላይ ተገፍተው ይዘጋሉ።

እስከዚህ ድረስ የዝናቡ ጉዳይ ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ክረምት ላይ እዚያ ያለው ጉም የፊት መብራት አያሳልፍም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ታልፎ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ታልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ከጋቢ ወደ ሸሚዝ ይገባል። ደብተሩ ግን ብርዱን ይዞ ነው የሚወርደው። የታሸገ ወረቀት ቶሎ አይሞቅም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሻይ ልጠጣ ቆሜ ካኖፒውን ከከፈትኩት፣ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ይገባና ቀዝቃዛው ካርቶን ላይ ጤዛ ይሆናል። ዝናብ ጠብ ሳይል ካርቶኑ በእጅ ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፣ ይለሰልሳል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሸዋ ሮቢት ማሾ ወይም ሽንኩርት እጭናለሁ። ሞቃት እርጥብ አየር አብሮ ይታፈናል። ወደ ጣርማ በር ስወጣ የካኖፒው ጣራ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ጣራው ላይ ጠብታ ይሆንና ይወርዳል። እንጀራ ሲጋገር የአክምባሎው ውስጥ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽንኩርት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሽንኩርት ከተነቀለም በኋላ ይተነፍሳል፣ ሙቀትና እርጥበት ያወጣል።

መፍትሔው አየር ነው። ካኖፒው ጣራ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ አፉ ወደፊት የዞረ የአየር ማስገቢያ አስገጠምኩ። ዝናብ እንዳይገባ ውስጡ ማገጃ አለው። መኪናው ሲሄድ አየር ይገፋበታል። ያ አየር በጎን መስኮቶቹ ጠባብ ክፍተት ይወጣል፤ መስኮቶቹ ላይ የዝናብ መከለያ አለ። ይሄ ሁለት ጥቅም ሰጠኝ። አንደኛ፣ እርጥቡ አየር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ከውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል በስፖንዳው በኩል አቧራና ርጭት የመሳቡ ነገር በጣም ቀነሰ። በጋ ላይም አቧራውን ያሸነፈልኝ እሱ ነው። ሁሉንም ሠርታችሁ አንድ ብቻ ይቅር ብትሉኝ ይሄ አይቅር እላለሁ።

የጣራውን ውስጥ ደግሞ በስስ የወለል ምንጣፍ አለበስነው። ጣራው በቀጥታ ከውስጡ አየር ጋር ስለማይገናኝ ጠብታው ቀነሰ። ትንሽ ቢያልብም ምንጣፉ ይዞ ቀስ እያለ ያደርቀዋል።

የቀረው የልማድ ጉዳይ ነው። ወደ ታች ስወርድ የአየር ማስገቢያውን ጣርማ በር ላይ እዘጋለሁ፣ ኮምቦልቻ እስክደርስ ካኖፒውን አልከፍትም። ከደረስኩ በኋላም ካርቶኑ እስኪሞቅ ጥቂት ሰዓት አቆየዋለሁ። የሱቁ ልጆች መጀመሪያ «ምን ያስጠብቀናል?» ይሉ ነበር፤ አሁን ካርቶኑን በእጃቸው ጀርባ ነክተው እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ። ስመለስ ደግሞ ማስገቢያውን ከመነሳቴ በፊት እከፍተዋለሁ፣ ዳገቱን ሙሉ ክፍት ነው።

አጫጫኑም ለውጥ ያመጣል። የካሶኒው ወለል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ቦይ አለው። በላዩ ከሞራሌ የተሠራ ርብራብ አስቀመጥኩ። ውሃ ቢገባ በቦዩ ሄዶ ይወጣል፣ ካርቶኑን አይነካም። ካርቶኑን ከካሶኒው ግድግዳ ጋር አላስጠጋም፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት እተዋለሁ። ሸራ ከላይ ብቻ ጣል አደርጋለሁ፣ ከሥር አልጠቀልልም። በፕላስቲክ ጥርቅም አድርጎ መጠቅለል የራሱን እርጥበት እዚያው ማሰር ነው። እርጥብ ነገር አብሮ አይጫንም። የራሴ ካፖርትም፣ ጭቃ የነካ ክሪክም፣ ትርፍ ጎማም። ከፋብሪካ የሚመጣው የፕላስቲክ የካሶኒ ልባስ ካላችሁ በዓመት አንዴ አንሱት። ከሥሩ ውሃ ተኝቶ ላሜራውን ይበላዋል።

እርጥበት የሚጠጡትን ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶችም ሞክሬያቸዋለሁ። በደንብ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ ይሠራሉ። ካኖፒው ውስጥ በክፍት ማንጠልጠል ግን ዋጋ የለውም። አየሩ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል፣ ከረጢቱ ወዲያው ይጠግባል።

ጎሚኒውን በየዓመቱ ግንቦት ላይ በውሃና በሳሙና አጥቤ ሲልከን ስፕሬይ እነካዋለሁ። ግራሶና የሞተር ዘይት አይነካውም፤ ብዙው ጎማ በዘይት ያብጥና ይለሰልሳል። ምላሶቹንም አያቸዋለሁ፣ ገለባና ጭቃ ይይዛቸዋል። ሰው የሚጠብቀው ግቢ ውስጥ ሳድርና ሰማዩ ጠራ ሲል ደግሞ ካኖፒውን ከፍቼ ስፖንዳውን አውርጄ አሳድረዋለሁ። አጥብቆ የተዘጋ ባዶ ካሶኒ ከተከፈተው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው።