የፍንዳታ መተንፈሻው ወዴት ነው የሚከፈተው?

ስለ ኢንዱስትሪ ጋዝ ደህንነት ሲነሳ ሴፍቲ ቫልቭ እና የፍንዳታ መተንፈሻ ፓነል እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ አያለሁ። ሴፍቲ ቫልቭ የሚሠራው በቦይለር ወይም በጋዝ ታንክ ውስጥ ቀስ በቀስ ለሚጨምር ግፊት ነው፤ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሚቴን የያዘ አየር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀጣጠል ግን ግፊቱ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 8 ባር (ከተለመደው የአየር ግፊት 8 እጥፍ ገደማ) ሊጠጋ ስለሚችል የቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ፈጽሞ አይበቃውም።

ፓነሉ ግን ስስ ብረት ሲሆን፣ 0.1 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት በተዘጋጀለት መስመር ተቀዶ ይከፈትና የሚነደውን ጋዝ ዕቃው ሳይፈነዳ ያስወጣል። ስፋቱ የሚሰላው በዕቃው መጠንና ጥንካሬ እንዲሁም በጋዙ የመንደድ ፍጥነት ስለሆነ፣ ለሚቴን የተሰላውን እጅግ ፈጥኖ ለሚነደው ለሃይድሮጂን መጠቀም በእኔ እምነት ራስን ማታለል ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ነበልባሉ ብዙ ሜትር ወደ ውጭ ስለሚወረወር ፓነሉ ወደ ሠራተኞች መተላለፊያ መዞር የለበትም፤ ከፊቱ ሸቀጥ መደርደርም (መጋዘን ሲጠብ መጀመሪያ የሚሞላው ይኸው ባዶ ቦታ ነው) መውጫውን ይደፍነዋል። ነበልባሉን በቱቦ ወደ ውጭ መምራት ይቻላል፤ ሆኖም ቱቦው በረዘመ ቁጥር በዕቃው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ስለሚጨምር ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት። ጋዙ መርዛማ ከሆነ ደግሞ መተንፈሻው ራሱ ሌላ አደጋ ስለሚያስከትል፣ እሳቱን በጅምሩ የሚያፍን ሥርዓት ይመረጣል።