አምፑ ድልድይ ላይ ሞተ

የመኪናዬን ሙዚቃ ሳስገጥም ዋት ዋት ስል ነው የተሸወድኩት። ቀድሜ ኦሙን፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ፣ ባየው ኖሮ አንድ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) አላቃጥልም፣ በአክስቴ ልጅ ሠርግም አልዋረድም ነበር። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እናንተ ስሙ።

መኪናዬ ያረጀች ኮሮላ ናት። ባለ 4 ቻናል (አራት የድምፅ መውጫ ያለው) አምፕ፣ ለፊት በሮች ሁለት ስፒከር፣ ለኋላ ኮፈን ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያጫውት ስፒከር) ገዛሁ። የአምፑ ካርቶን 1200 ዋት ይላል። አትመኑት። ፊውዙን እዩ። የኔ ባለ 20 አምፔር ሁለት ነው፤ 40 በ13.8 ቮልት ሲባዛ 552 ዋት። እሱም የሚበላው እንጂ የሚሰጠው አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ አምፕ ግማሽ ያህሉን በሙቀት ነው የሚያባክነው። ታዲያ 1200ው ከየት መጣ? ከካርቶኑ። እውነተኛው ቁጥር አርኤምኤስ የሚባለው፣ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው፣ መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ፦ በየቻናሉ 50 ዋት በ4 ኦም፣ ሁለት ቻናል ብሪጅ ሲደረግ (ተጣምረው አንድ ስፒከር ሲነዱ) 150 ዋት በ4 ኦም።

ገመድ መጎተቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ፊውዝ ባትሪው አጠገብ፣ ኔጌቲቩ ቀለም ተፍቆ ቦዲው ላይ በቡሎን፣ የድምፅ ገመዱ ከባትሪው ገመድ በተቃራኒው ጎን። አለቀ።

ጉዱ ሰቡ ላይ ነው። ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለው፣ እያንዳንዱ 4 ኦም። ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ በሲሪየስ (ተከታትለው) ሲታሰሩ 8። ብሪጅ የሚፈልገው 4 ደግሞ በየትም በኩል አይመጣም! ሱቅ ቆሜ ይሄን ሒሳብ ብሠራ ኖሮ ባለ ሁለት 2 ኦም ኮይል እገዛ ነበር፤ እሱ በሲሪየስ ልክ 4 ይመጣል። ብሪጅ ላይ እያንዳንዱ ቻናል የሚሸከመው የኦሙን ግማሽ ስለሆነ፣ 2 ኦም ካሰራችሁበት ለአንዱ ቻናል 1 ኦም ደረሰው ማለት ነው። ኦሙ ሲያንስ ጭነቱ ይበዛል። ሰው ሁሉ ይሄን ገልብጦ ነው የሚረዳው፣ እኔም።

ኤሌክትሪሻኑ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ መመሪያው ከ4 ኦም በታች አይሆንም ይላል እኮ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም። 2 ሲሆን ነው ቤዙ የሚመታው» አሉና በ2 ኦም ብሪጅ አሰሩት። ቴስተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለክቼው 1.8 አንብቤያለሁ። አንብቤ ዝም አልኩ! እሳቸውን ከምወቅስ ራሴን ብወቅስ ይሻላል፣ ግን እሳቸውንም እወቅሳለሁ።

ደግሞ መታ፣ አልዋሽም። የጎረቤቱን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። በሁለተኛው ቀን አምፑ እጅ አላስነካ አለ፣ ቀይዋ መብራት በራች። አጥፍቼ አቀዝቅዤ መልሼ አበራሁት። መብራቷ ተው ስትለኝ እኔ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ ባሕር ዳር በሚያዝያ የማይግል ነገር የለማ።

ሠርጉ የዳግም ትንሣኤ ለት ነበር። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ፎቶ ተነስተው ወደ ዓባይ ማዶ ስንሻገር ሙዚቃውን ይዤ ከፊት የምመራው እኔ ነኝ። የሚዜዎቹ ኮትና ቦርሳ አምፑ ላይ ተከምሯል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ አጋማሽ ላይ ቤዙ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ለእኔ የዚያን ለት እስከ ጎንደር የሚደርስ መሰለኝ። ኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ፣ ሚዜዎቹ በጭብጨባ ጀመሩት። ብሪጅ የታሰረው አምፕ ብሪጅ ላይ ሞተ እያሉ ዛሬም ይስቁብኛል።

ጠጋኙ ከፍቶ ትራንዚስተሮቹን አሳየኝ፣ ጠቁረዋል። ሌላ ያንኑ ዓይነት ገዛሁ፣ እልህ ነው። አሁን ብሪጅ የለም፦ አንዱ ኮይል ለአንዱ ቻናል፣ ሌላው ለሌላው። እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦሙን አገኘ፣ 50 ሲደመር 50 ዋት። ለኮሮላ በቂ ነው፤ 2 ኦም ላይ ከሚመታው ትንሽ ቢያንስም ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍናል።

ጌይን፣ አምፑ ላይ ያለችው ማስተካከያ፣ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። መመሪያው «እስኪንጫረር ጨምረህ መልስ» ይላል፤ ቤዝ ላይ መንጫረሩ በጆሮ በቀላሉ አይለይም፣ አትስሙት። ዋቱን በኦሙ አባዙ፣ 50 በ4 ማለት 200፣ ስኩዌር ሩቱ 14.1 ቮልት። ስፒከሮቹን ንቀሉ፣ የቴፑን ቤዝ ዜሮ አድርጉ፣ ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ አቁሙ፣ ለሰቡ የ50 ኸርዝ፣ ለበሮቹ የ1000 ኸርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ 14 እስኪጠጋ ጌይኑን አዙሩ። ሰቡ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ፣ በሮቹ ከ80 በላይ ያለውን ብቻ እንዲያጫውቱ ቁረጡ። ሱቅ ውስጥ «የአምፑ ዋት ከስፒከሩ ማነስ አለበት» ይሏችኋል። እኔ ትንሽ የሚበልጥ አምፕ ገዝቼ ጌይኑን ዝቅ ባደርግ እመርጣለሁ፤ ትንሹን አምፕ እስከ ጥግ ሲጨምሩት ነው የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ ስፒከር የሚበላው።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት አገኘኋቸው። የተቃጠለውን አምፕ ነገር ሳነሳባቸው «ድሮም እቃው ነው የማይረባው» አሉኝ። አሁንም አንዱን ሰብ በ2 እያሰሩ ነበር።