ሙሴ ዮሐንስን ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «አንቺ፣ የቅድመ አያታችን አያት ጀርመን ነው ይባል የለም እንዴ? እዚያው ነሽ፤ ወረቀቱን አውጪልንና እኛም እንምጣ» አለኝ። በዘር ቆጠራ የጀርመን ፓስፖርት የሚወጣበት መንገድ አለ ያለው ደላላ ነው። የጠየቀውን ብር ስሰማ ደሜ ፈላ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

የቤታችን ወሬ እንዲህ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ከሠሩት ፈረንጆች አንዱ ከእኛ ቤት አግብቶ ወልዷል። ስሙ ሙሴ ዮሐንስ፤ «ሙሴ» ያኔ ለፈረንጅ «አቶ» እንደማለት ነው። በቃ፣ ሌላ የምናውቀው የለም። ጋፋት ከነበሩት ባለእጆች ብዙዎቹ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገሮች የመጡ ሚስዮናውያን ስለሆኑና እዚያው አግብተው የወለዱም ስላሉ፣ ወሬውን ዝም ብሎ ተረት ነው ማለት አልቻልኩም።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ፈልጌው ነበር። የምሠራው ሽቱትጋርት አጠገብ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ከምንከባከባቸው አንዷ እናት የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር አባል ናቸው። አንድ ቅዳሜ ይዘውኝ ሄዱ። እኛ አያት እግር ሥር ቁጭ ብለን የምንማረውን እነሱ መዋጮ ከፍለው፣ በቡናና በኬክ ይማሩታል።

ትልቅ ወረቀት ዘረጉልኝ። እኔ ቁጥር 1፣ አባቴ 2፣ እናቴ 3። የማንኛውም ሰው አባት ቁጥሩ የልጁ እጥፍ ነው፤ እናት ደግሞ አንድ ትጨምራለች። ወደድኩት። ሰባት ቤት መቁጠር እኔ ዘንድ ምን ችግር አለው! በአባቴም በእናቴም አንበለበልኩላቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልቤ በኩራት ሞላ።

የሚጽፈው ሽማግሌ ግን እስክሪብቶውን አነሣና «የቤተሰብ ስማችሁ የትኛው ነው?» አለኝ። የለንም፣ የአባታችንን ስም ነው የምንይዘው አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እንዲህ ከሆነ እነዚህ አንድ ቤተሰብ አይደሉም፤ ሰባት ቤተሰብ ናቸው» አለ። አንዷ ሳቀች። የአያቴን የልደት ቀን ጠየቀኝ፤ ጣሊያን የገባ ዓመት አልኩት። «ማስረጃ የሌለው አይቆጠርም» አለና እስክሪብቶውን አስቀምጦ እርሳስ አነሣ። የእነሱ አያቶች በቀለም፣ የእኔ በእርሳስ። ያቺ እርሳስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

እውነት ለመናገር ማስረጃቸው ያስቀናል። ከ1500ዎቹ ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ሞት የተጻፈበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያላቸው መንደሮች አሉ። ከ1876 ወዲህ ደግሞ በመላ አገሪቱ መንግሥት ራሱ ይመዘግባል። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። የድሮው የእጅ ጽሕፈት ግን ጉድ ነው፤ «ኢ» ፊደላቸው «ኤን» ይመስላል፣ የዛሬ ልጆቻቸው የአያታቸውን ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም። ያ ባለእርሳስ ሰውዬ ራሱ ስንት ቅዳሜውን በአጉሊ መነጽር አብሮኝ ደከመ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መዝገቡ ያለው በየመንደሩ ነው። የቤተሰብ ስምና የመንደር ስም ሳይያዝ ዮሐንስ ብሎ ፍለጋ፣ ጎንደር ላይ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው አያችሁ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

አንድ ማታ እኚያ እናት ከመሳቢያቸው ትንሽ ደብተር አወጡልኝ። የአባታቸው ነው። በናዚ ዘመን ብዙ ሰው ሥራው ላይ ለመቆየት አያቶቹ አይሁድ አለመሆናቸውን ማሳየት ነበረበት፤ ቄሶቹ ከመዝገብ እየገለበጡ ማኅተም ያደርጉለት ነበር። ገጹን አንድ በአንድ ገለጡልኝ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ማስረጃ አለው» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

አሁን ወደ ደላላው ልመለስ። ጀርመን አንድ አገር የሆነችው በ1871 ነው፤ መቅደላ ከወደቀ በኋላ ማለት ነው። ሙሴ ዮሐንስ ኖሮ ቢሆን እንኳ ጋፋት ሳለ የጀርመን ዜጋ አልነበረም። ከዚያም በ1870 ወጥቶ በኋላ ለመላ ጀርመን የሠራው ሕግ ቆንስላ ሳይመዘገብ 10 ዓመት ውጭ የኖረን ሰው ዜግነት ያስቀር ነበር። ካልተጋቡ ወላጆች የተወለደ ልጅ ደግሞ ከአባቱ ዜግነት መውረስ የጀመረው በ1993 ነው። በእንዲህ ያለ ቅድመ አያት ፓስፖርት አወጣለሁ የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። ብሩን ለጀርመንኛ ትምህርት አውሉት። እዚህ አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ይፈለጋል፤ ሥልጠናው ደመወዝ አለው፤ ሥራው ግን ወገብ ይቆርጣል፣ ይህን አውቃችሁ ኑ።

የአክስቴን ልጅ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እናቱ ሳያመልጡን ዘራችንን ሲቆጥሩ በስልኩ ይቅረጽልኝ። ትናንት ላከልኝ። አክስቴ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ምነው፣ ልትዳሯት ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ዮሐንስ ጋ ሲደርሱ ሚስቱን ጠሩ፤ ወለተ ኪዳን። እስከ ዛሬ ስሟን የነገረን ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አውጥቼ በእስክሪብቶ ጻፍኳት።