የጓሮ ቲማቲም ስጎ፦ ጣጣው ከውሃው ጋር ነው

ስለ ፓስታ ስጎ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ቅመሙ ነው። ስንት ራስ ነጭ ሽንኩርት ይግባ? ኦሬጋኖ ያስፈልጋል? እኔ ግን ቀድሞ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ከቲማቲም ክብደት 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃ ነው። ስጎ መሥራት ማለት እሱን ውሃ ማስወጣት ነው፤ ከባዱ ነገር ደግሞ ራሳችሁ ያበቀላችሁት ቲማቲም መዓዛ አብሮ ተንኖ እንዳይጠፋ ማድረጉ ነው።

ለስጎ ብላችሁ የምትተክሉ ከሆነ ሮማ ወይም ሳን ማርዛኖ የሚባሉትን የቲማቲም ዓይነቶች ትከሉ። ሥጋቸው ወፍራም ነው፣ ዘራቸውም ጥቂት ነው። ሮማ ሌላም ጥቅም አለው፤ አብዛኛው ፍሬ በተቀራረበ ጊዜ ስለሚደርስ አንድ ድስት የሚሞላ ምርት በአንዴ ታገኛላችሁ። ትልልቆቹ ድቡልቡል ቲማቲሞችም ይሆናሉ፣ ግን ውሃቸው ብዙ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋሉ።

ቀላ ስላለ ብቻ አትቁረጡት። ጫፉ ጋ አረንጓዴ ካለ ገና ነው። በደንብ ቀልቶ፣ ጫን ሲሉት ለስለስ ሲል ነው ጊዜው። አየሩ በጣም ሲሞቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆይ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ ስለማይሠራ ፍሬው ብርቱካናማ እንደሆነ ይቀራል። እንደዚያ ሲሆን መቅላት ሲጀምር ቁረጡትና ቤት ውስጥ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ቦታ ይድረስ። ፍሪጅ ውስጥ ግን እባካችሁ አታስገቡት፤ ቅዝቃዜው መዓዛውን ይገድለዋል። ጥቂት ጥቂት እየደረሰ ካስቸገራችሁ ደግሞ አጥባችሁ ሙሉውን ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅሙት። ሲቀልጥ ልጣጩ በእጅ ብቻ ይወልቃል፣ ውሃውም ራሱ ይለቃል። መዓዛው ትንሽ ቢቀንስም ለስጎ ይሆናል።

ትኩሱን ለመላጥ ከታች በኩል በመስቀል ቅርጽ ጫር አድርጉትና የፈላ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነክራችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ብዙ ሰው ዘሩን ዙሪያውን ካለው ዝልግልግ ነገር ጋር አውጥቶ ይጥለዋል። ኧረ አትጣሉት! ያንን የሚጣፍጥ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሜት ከቲማቲሙ ሥጋ ይልቅ እዚያ ነው በብዛት ያለው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቲማቲሙን ከትፌ ወንፊት ላይ አደርገዋለሁ፣ ዘሩንም አሽቼ ጭማቂውን እጨምቃለሁ፣ ከዚያ የወረደውን ጭማቂ ብቻውን ሰፊ መጥበሻ ላይ ወፈር እስኪል አፈላዋለሁ። የቲማቲሙ ሥጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው አስቀድሞ ስለወጣ ሥጋው ብዙ እሳት አይፈልግም፣ ስጎውም የትኩስ ቲማቲም ሽታውን ይዞ ይቆያል።

ዕቃው ሰፊ ይሁን፣ ክዳንም አያስፈልገውም። ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ግን አይሆንም፤ የቲማቲሙ አሲድ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያወጣበታል። ቀይ ሽንኩርቱን ለብቻው በወይራ ዘይት፣ በቀስታ እሳት አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ከጠቆረ ይመራል። ጨው መጀመሪያ ትንሽ ብቻ፣ ምክንያቱም ስጎው ሲወፍር ጨውም አብሮ ይጠነክራል። ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። በደንብ የደረሰ ቲማቲም ስኳር አይፈልግም፣ ቢጎመዝዝ እንኳ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ ጣፋጭነቱ ይበቃል። የታሸገ የቲማቲም ድልህም አልጨምርም፤ ያንን የጓሮ ጣዕም ይሸፍንብኛል።

መድረሱን ለማወቅ በማማሰያ የድስቱን ወለል ጠረግ አድርጉ። መንገዱ ቶሎ ካልተዘጋ ደርሷል። በሶብላ ካላችሁ እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ቆራርጣችሁ ጣል አድርጉበት።

ፓስታውን ሊበስል ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አውጡና ስጎው ውስጥ ጨርሱት፣ ከተቀቀለበት ውሃ ጥቂት ጨምራችሁ። ውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ዘይቱንና ቲማቲሙን ያያይዛቸዋል።

የተረፈውን ማስቀመጥ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ሽንኩርትና ዘይት የገባበትን ስጎ ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማቆየት አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበትና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ይቀንሳል) ከ4.6 በላይ በሆነበት ቦታ ያድጋል። ቲማቲም ራሱ እዚያው ወሰን አካባቢ ነው ያለው፣ ሽንኩርቱ ሲጨመር ደግሞ አሲዱ ይቀንሳል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይበላ፣ የቀረው ፍሪዘር ይግባ። በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት።